ውል ከመፈረማችሁ በፊት የመጨረሻውን አንቀጽ አንብቡ

ልጆች፣ ቢዝነስ ስትጀምሩ ውል እንዴት እንደምታነቡ አውቃለሁ። ዋጋውን፣ የክፍያውን ጊዜና የርክክቡን ቀን ደጋግማችሁ ታያላችሁ፤ መጨረሻ ላይ ያለችውን "አለመግባባት ቢፈጠር" የምትለውን አንቀጽ ግን ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ተስማምቶ እየፈረመ ስለ ጠብ ማውራት የሚወድ የለም። በጥብቅና ዘመኔ ግን ብዙ ደንበኞቼን ያንገላታቻቸው ይህችው አንቀጽ ናት።

አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ተብላ ትጻፋለች፦ "አለመግባባት ቢፈጠር በሽማግሌ ይታያል፤ ካልሆነም በሕግ አግባብ ይፈታል።" ሲያነቧት ደህና ትመስላለች። ነገር ሲበላሽ ግን አንዱ "ሽማግሌ ማለት አስታራቂ ነው፣ ካልታረቅን ፍርድ ቤት እሄዳለሁ" ይላል፣ ሌላው ደግሞ "የለም፣ በግልግል ዳኝነት ልንዳኝ ነው የተስማማነው" ብሎ ድርቅ ይላል፣ ዋናው ጉዳይ ሳይነካ በዚህ ብቻ ወራት ያልቃሉ።

አስታራቂ ያግባባችኋል እንጂ አይፈርድባችሁም። ሐሳቡ ካልተዋጠላችሁ ትታችሁት ትወጣላችሁ። የግልግል ዳኛ ግን ማስረጃ ሰምቶ ይወስናል፤ አልፈጽምም ካላችሁም ውሳኔው ልክ እንደ ፍርድ ቤት ፍርድ በአፈጻጸም ይመጣባችኋል። ስለዚህ ሰነዳችሁንና ምስክራችሁን አዘጋጅታችሁ ቅረቡ።

እኔ ብሆን በአጭሩ እንዲህ እጽፋለሁ፦ "ከዚህ ውል የሚነሳ ማንኛውም ክርክር በአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የግልግል ተቋም ደንብ መሠረት፣ በአንድ የግልግል ዳኛ፣ በአዲስ አበባ፣ በአማርኛ ቋንቋ ታይቶ ይወሰናል።" የዳኛውን ቁጥር አትርሱ። ካልጻፋችሁ በግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት ሦስት ይሆናሉ፤ አንዱን እናንተ፣ አንዱን ባላጋራችሁ፣ ሰብሳቢውን ሁለቱ ዳኞች ይመርጣሉ። በፍርድ ቤት የዳኛውን ደመወዝ መንግሥት ይከፍላል፣ እዚህ ግን ከፋዮቹ ተከራካሪዎቹ ናችሁ፤ ለትንሽ ውል ሦስት ዳኛ መቅጠር ያከስራል።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ወጣቶች "የኛ ዳኛ" ሲሉ እሰማለሁ። የናንተ አይደለም! መረጣችሁት እንጂ ጠበቃችሁ አይደለም። ማታ ደውላችሁ "እንዴት እየሄደ ነው?" ብትሉት ገለልተኝነቱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ወገን ይነሳልኝ ቢል አይፈረድበትም። ወዳጅ ከምትፈልጉ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ፈልጉ፤ ክርክሩ የግንባታ ከሆነ የክፍያ ሰርተፍኬት (ለተሠራው ሥራ የሚከፈለውን የሚያሳየውን ሰነድ) አይቶ የቱ ቁጥር እንደተጋነነ የሚገባው መሐንዲስ። ለእኔ የግልግል ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፣ ምስጢር መጠበቁና መፍጠኑ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ሁሉም ነገር በግልግል አያልቅም። ፍቺን፣ ግብርን፣ የመክሰር ፍርድንና ወንጀልን አዋጁ ከግልግል ውጭ አድርጓቸዋል።

ይግባኝስ? ካልተስማማችሁበት በቀር የለም። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ ግን ወደ ሰበር፣ ማለትም የሕግ ስህተት ብቻ ወደሚያርመው ችሎት፣ መሄድ ይቻላል፤ እሱንም ቢሆን ተዋዋዮች በውላቸው ሊዘጉት ይችላሉ። ድሮ ሰበር ራሱ በዚህ ላይ አቋሙን ቀይሮ ነበር፣ አሁን አዋጁ ቁርጡን አስቀምጦታል። ትልቅ ድርጅት "ውሳኔው የመጨረሻ ነው፣ ለሰበርም አይቀርብም" የሚል ረቂቅ ሲልክላችሁ ያቺን በር አትዝጉ ብዬ እለምናችኋለሁ። ተደራደሩባት።

የግልግል ስምምነት እያላችሁ ባላጋራችሁ ፍርድ ቤት ከከሰሳችሁ ደግሞ ገና መልስ ስትሰጡ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ "ጉዳዩ በግልግል እንዲያልቅ ተስማምተናል" በሉ። ዝም ብላችሁ ወደ ፍሬ ነገሩ ከገባችሁ ክርክሩ እዚያው ፍርድ ቤት ይቀጥላል።