እርሳሱን አስቀምጡት

ልጆቼ፣

የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት እዚሁ ጅማ ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ወጣች። ደስታውን ምክንያት አድርገን ቡና አፍልተን ሳለ ከመደርደሪያዬ አንድ ልብ ወለድ አውርጄ ሰጠኋት። ጀርባውን አነበበች፣ ገጹን ቆጠረች፣ መልሳም ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ? መጽሐፍ ሳይ ፈተና ነው የሚታየኝ።»

አልሳቅኩባትም። እኔም ያለፍኩበት መንገድ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ነው፤ ለፈተና ሳይሆን ለደስታ ስለማንበብ።

ሙያዬ የቡና ምርምር ነው። ዘመኔን የፈጀሁት በቡና ፍሬ በሽታ ላይ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ በ1963 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ለምለሙን ፍሬ እያጠቆረ ብዙ ገበሬ አስለቅሷል። እኛ ተመራማሪዎች ዘንድ የቡና ዝርያ በቁጥር ነው የሚጠራው፤ በሽታውን እንዲቋቋሙ የተመረጡትን 74110፣ 74112 እንላቸዋለን። ከሃያ ዓመት በላይ ያነበብኩት ይህንኑ ነበር። አልተጸጸትኩም። ሆኖም ጥናታዊ ጽሑፍ ከፊት ወደ ኋላ አይነበብም። ከፊቱ ያለውን አጭር ማጠቃለያ ታያላችሁ፣ ወደ መደምደሚያው ትዘላላችሁ፣ ሠንጠረዡን ትመረምራላችሁ፣ የሚጠቅማችሁን ነቅላችሁ ትሄዳላችሁ። ሥራው የሚጠይቀው ይህን ነው። ጉዳቱ የመጣው ሌላ ንባብ እንዳለ ስረሳ ነው።

ልጅ ሳለሁ እኮ እንዲህ አልነበርኩም። መርካቶ አካባቢ መጽሐፍ የሚያከራይ ሱቅ ነበር። ማስያዣ ታስይዛለህ፣ ለአንድ ሌሊት ስሙኒ ትከፍላለህ፣ ጠዋት ትመልሳለህ። ካልመለስክ ሌላ ስሙኒ! ስለዚህ የኩራዝ ጭስ አፍንጫዬን እያጠቆረው አነጋ ነበር፤ እናቴ ከመኝታዋ ሆና «ዓይንህን ልታጠፋው ነው!» ትላለች። መጽሐፉ ከእኔ በፊት በብዙ እጅ ስላለፈ መጨረሻው ገጽ አንዳንዴ ተገንጥሎ ይጠፋል። ያን ጊዜ ፍጻሜውን እኛው እንፈጥረዋለን፤ ከጓደኞቼ ጋር በዚህ እስከ መጣላት ደርሰናል። ሬዲዮም ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ሬዲዮ ያለው ቤት በጎረቤት ይሞላል፤ ፊደል ያልቆጠሩት እናቶች ሳይቀሩ ስለ ሰብለ ወንጌል ዕጣ ይከራከራሉ። ማንም ማስታወሻ አልያዘም።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቆሜ ከዝናብ ስጠለል አንድ መጽሐፍ አዟሪ ቁልሉን በክንዱ እንደታቀፈ አጠገቤ መጣ። ለወጉ ያህል አንድ ልብ ወለድ ገዛሁት። ቤት ገብቼ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ አነበብኩ። ቀጥሎ እርሳስ አነሣሁ። ምዕራፍ ሁለት ላይ አንድ ሽማግሌ ስለ ሴቶች ተንኮል ሲናገር ኅዳጉ ላይ «ማስረጃው የት አለ?» ብዬ ጻፍኩበት። ያን ጽሑፍ በማግስቱ ሳየው አፈርኩ።

ሌላም ችግር ነበር። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዓይኔ ከፊደሉ ተለያይቶ ኖሯል፤ ረዥም የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥመኝ መሐል ላይ እሰናከል ነበር። መፍትሔ የሆነኝ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ታምሜ መስሏት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን «ትናንት ካቆምክበት ቀጥል» አለችኝ። እናንተም ሞክሩት፤ በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ፣ እናታችሁ በተረተችላችሁ ቋንቋ ጀምሩ።

እርሳሱን ከክፍሉ አውጡት። ስልኩንም። መጽሐፉ ሃምሳ ገጽ ድረስ ካልያዛችሁ ተዉት፤ ፈታኝ የለም፣ ማንም አይጠይቃችሁም። እኔ አዋቂ ነው የተባለለትን ደራሲ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ትቼዋለሁ፤ እንቅልፌን በደንብ ተኝቻለሁ። «በዓመት ይህን ያህል መጽሐፍ ጨረስኩ» የሚሉትን ግን አትስሟቸው። እነሱ ገና ከመመረቂያ ጽሑፋቸው አልወጡም።

ጊዜ የለንም ትሉኛላችሁ። ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶና ተወቅጦ አቦል እስኪደርስ ያለው ጊዜ ለአሥር ገጽ ይበቃል። አቦል ከቀረበ በኋላ መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ ነውር ነው፤ ጎረቤት ይታዘባል። ደግሞ ጅማ ናችሁ፤ እዚህ አገር ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስንት ከሰዓት በኋላ ቤት ያስቀምጣችኋል?

የእህቴን ልጅ አልጎተጎትኳትም። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ትቼው ረሳሁት። ለካስ ስትሄድ በቦርሳዋ ይዛው ነበር። ወር ገደማ ቆይታ ደወለችልኝ፤ ስለ ሥራ ፍለጋዋ ስታወራኝ ቆይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ ያ መጽሐፍ አንተ ዘንድ ሁለተኛ ቅጂ አለው?»

«ለምን?»

«ወንድሜ ወስዶብኝ መሐል ላይ ቀረሁ። መጨረሻውን ግን እንዳትነግረኝ!»