ዲዛይኑ ሲያንስ መርፌው ለምን ይሰበራል?

አንዲት እህት እንዲህ ጽፋለች፦ “ጋሼ፣ ባለ አንድ ራስ የኮምፒውተር ጥልፍ ማሽን አለኝ። የመስቀል ዲዛይን ከቴሌግራም አውርጄ ከ25 ሳንቲ ሜትር ወደ 18 አሳነስኩት። ቴትሮን ላይ ስሞክረው ደህና ነው። የሰርጉ ቀሚስ በሚሠራበት መነን ላይ ግን ጨርቁ ይጨማደዳል። በወርቃማው ሙሌትና በጠርዙ መስመር መካከል በግራና በቀኝ ነጭ ክፍተት ይታያል። መሃሉ ላይ ሁለት መርፌ ሰብሮብኛል። ጥገና ሠራተኛ ጠርቼ የላይ ክሩን አጠበቀልኝ፤ ጭራሽ ባሰበት። ሰርጉ ደርሷል።”

እህቴ፣ ማሽንሽ ጤነኛ ይመስለኛል። እኔን የያዘችኝ “አሳነስኩት” ያልሻት ቃል ናት።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር። መርፌ ስትቀይሪ ማሽኑን ከዋናው ማብሪያ አጥፊው። ስቶፕ መጫን ማጥፋት አይደለም። የተሰበረውንም ቁርጥራጭ ፈልገሽ አግኚው፤ ያ ቀሚስ ገላ ላይ ይለበሳል።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ያወረድሽው ዲኤስቲ ፋይል ነው ብዬ እገምታለሁ። ዲኤስቲ መስቀል ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቀው መርፌው ቀጥሎ የት እንደሚወጋ ብቻ ነው። ማሽኑ ላይ ስታሳንሺው ነጥቦቹ ይቀራረባሉ እንጂ አይቀነሱም። ከ25 ወደ 18 ስትወርጂ ጥልፉ የሚሸፍነው ቦታ ግማሽ ያህል ይሆናል፤ የስፌቱ ብዛት ግን ያው ነው። በ0.4 ሚሊ ሜትር ርቀት የተደረደረው ክር ወደ 0.29 ይጠጋል። መሃል ላይ ክር በክር ላይ ሲደራረብ መርፌው ምን ያድርግ? ማረጋገጥ ከፈለግሽ የ25ቱንና የ18ቱን የስፌት ቁጥር አስተያዪ። አንድ ዓይነት ከሆነ ገመትኩልሽ።

ክፍተቱ በግራና በቀኝ ብቻ ነው ማለትሽ ደግሞ ብዙ ነገረኝ። ሙሌቱ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሰፋው። እዚህ ላይ ትንሽ ላውራ፤ የምወደው ነገር ነው። ክር ይጎትታል። እያንዳንዱ ስፌት ሲቋጠር የጨርቁን ሁለት ጫፍ በፀጉር ያህል ያቀራርባል። አንዱን አታዪውም፤ ሺው ሲደመር ግን ታዪዋለሽ። አምስት ሳንቲ ሜትር ክብ ስለሽ በአግድም ስፌት ሙይው፤ የሚወጣልሽ እንቁላል ነው። ወርዱ ይጠባል፣ ቁመቱ ደግሞ ትንሽ ይረዝማል፤ ክሩ ወደ ስፌቱ አቅጣጫ ሲስብ በጎን በኩል ይገፋልና። ስለዚህ ዲዛይን የምንሠራ ሰዎች ክብ ስንፈልግ ወርዱን አስፍተን እንስላለን። ስክሪን ላይ ያየ ሰው ይስቅብናል፤ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ግን ልክ ይገባል። ቴትሮን ድርና ማጉ ጥብቅ ስለሆነ ብዙ አይሳብም። መነን በእጅ የተሸመነ ነው፤ ሲጎትቱት ይመጣል። ያወረድሽውን ዲዛይን የሠራው ሰው ለጠንካራ ጨርቅ ትንሽ ትርፍ ትቶ ይሆናል። እሷም ስታሳንሺው አብራ አነሰች። የላይ ክሩ ሲጠብቅ የባሰበትም ለዚሁ ነው፤ የሚጎትተውን ይበልጥ እንዲጎትት አደረጉት። የፈቱትን ብሎን ምልክት ሳያደርጉ የሚነካኩ ሰዎች ያናድዱኛል። ክሩን አላልተሽ ወደነበረበት መልሺው። ጥልፉን ገልብጠሽ እዪ፦ ሰፋ ባለው ስፌት ጀርባ የታች ክር መሃሉን አንድ ሦስተኛ ያህል ከያዘ ልክ ነው።

መፍትሔው ፋይሉን መጠጋገን አይደለም። ሥዕሉን በ18 ሳንቲ ሜትር እንደገና ንደፊው። ዊልኮም የሚባለው የጥልፍ መንደፊያ ፕሮግራም ከሌለሽ ኢንክስቲች የሚባለው በነፃ ይገኛል። የክሩን ርቀት 0.42 ሚሊ ሜትር አካባቢ አድርጊ። ክሩ ለሚስበው ማካካሻ የሚሆን ትርፍ 0.35 ሚሊ ሜትር ስጪው። ከሙሌቱ በፊት ሳሳ ያለ የሥር ስፌት አስገቢ፤ ጨርቁን ከሥሩ ከሚነጠፈው ማጠንከሪያ ጋር ያስርልሻል። የሙሌቱን አቅጣጫ 45 ዲግሪ አዘንብዪው፤ ከድሩ ወይም ከማጉ ጋር ትይዩ ከሆነ ክሩ በመሃል ይሰምጣል። ስፌቱ ከመሃል ይጀምር፣ ወደ ውጭ ይሂድ። አንዱን ክንድ ሞልተሽ ጠርዙን ወዲያው ዝጊ እንጂ ጠርዙን ሁሉ ለመጨረሻ አታቆዪ።

ከሥር የሚገባው ማጠንከሪያ በመቀስ ተቆርጦ የሚቀረው ዓይነት ይሁን። በእጅ ተቀዶ የሚወጣው ለመነን አይሆንም። ጨርቁን ፍሬም ላይ እንደ ከበሮ አትወጥሪው፤ ስትፈቺው ይሰበሰባል። መርፌ ቁጥር 75/11፣ ፍጥነት ለመጀመሪያው ሙከራ በደቂቃ 600 ስፌት። በጅምላ የሚሸጠውን ስም የለሽ መርፌ ግን እባክሽ ተዪው። ዓይኑ ሻካራ ነው፣ ወርቃማ ክር ይበጥሳል፤ ከዚያ ሰው ማሽኑን ይሰድባል።

ሙከራውን ከዚያው መነን በተረፈ ቁራጭ ላይ አድርጊ፣ ቴትሮን ላይ አይደለም። መርፌ ከተሰበረ፣ አሁንም እላለሁ፣ መጀመሪያ አጥፊ፣ ከዚያ እጅሽን አስገቢ። መብራት እስኪሄድ አትጠብቂ፣ እሱማ በራሱ ጊዜ ይሄዳል።

ክፍተቱ ከዚህ ሁሉ በኋላ በአንድ ወገን ብቻ ከቀረ ጨርቁ ፍሬሙ ውስጥ እየተንሸራተተ ነው። ያን ጊዜ ፎቶ ላኪልኝ፣ የፊቱን ሳይሆን የጀርባውን።