ጥያቄና መልስ፦ አቡ ዲያቢ እውነት «መስታወት» ነበር?

ቅዳሜ ስታዲየም አካባቢ ጨዋታ እያየን አንድ አማካይ ባቱን ይዞ ሜዳ ላይ ቁጭ አለ። ከኋላ አንዱ «ሌላ ዲያቢ መጣብን!» አለና ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ዲያቢን ሲነኩት የሚሰበር «መስታወት» ይሉታል። እኔ ግን ነደደኝ። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ አርሰናልን ደግሞ ከሄንሪ ዘመን ጀምሮ ነው የምደግፈው። ስለዚህ «ስለ ዲያቢም ስለ ጉዳትም ያላችሁን ጠይቁኝ» አልኩ። ጥያቄው ጎረፈ። ሰላምታውንና ስድቡን ቀንሼ እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከካዛንቺስ፦ ዲያቢ ሲጫወት ልጅ ነበርኩ። ማን ነው? በአጭሩ በለው።

ፓሪስ የተወለደ ፈረንሳዊ አማካይ ነው። በጃንዋሪ 2006 ከኦግዜር ወደ አርሰናል መጣ፤ ገና 19 ዓመቱ ነበር። የአርሰናሉ አማካይ ቪዬራ ወደ ጁቬንቱስ ከሄደ ግማሽ ዓመት ቢሆነው ነው። ሕዝቡ ረዥም እግር ያለው ፈረንሳዊ ሲያይ ወዲያው «አዲሱ ቪዬራ» አለው። ለእኔ ብዙም አይመሳሰሉም። ቪዬራ ኳስ ይነጥቅሃል። ዲያቢ ኳስ ይዞ ያልፍሃል፤ ሁለት ሰው መሃል ይገባና ሲወጣ ኳሷ አሁንም እግሩ ላይ ናት።

ለአርሰናል 180 ጨዋታ ተጫውቶ 19 ጎል አገባ። ለፈረንሳይ 16 ጊዜ ተሰልፏል፤ የ2010 የዓለም ዋንጫ ቡድን ውስጥም ነበር። በ2015 ኮንትራቱ አልቆ ማርሴይ ገባ፤ እዚያም በሁለት ዓመት ውስጥ ከጥቂት ጨዋታ በላይ አላየነውም። በፌብሩዋሪ 2019፣ በ32 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። የማሊያ ቁጥሩ 2 ነበር። ለአማካይ 2 ቁጥር ማን እንደሰጠው እስካሁን ይገርመኛል።

ከአራት ኪሎ፦ ሁሉም «የሰንደርላንዱ ነገር» ይላል። ምን ሆኖ ነው?

ሜይ 1 ቀን 2006 ነው። አርሰናል በሰንደርላንድ ሜዳ 3 ለ 0 እየመራ ነው። ሰንደርላንድ መውረዱ ቀደም ብሎ ተረጋግጧል። ሰዓቱ ተጨማሪ ደቂቃ ውስጥ ገብቷል። ማለትም በዚያች ኳስ ማንም የሚያተርፈው ነገር አልነበረም። ዳን ስሚዝ የሚባል ወጣት ተከላካይ ዘግይቶ ገባበት። የዲያቢ ቁርጭምጭሚት ተሰበረ፤ ከቦታውም ወለቀ። ስሚዝ በቀይ ካርድ አልወጣም።

ከ16 ቀን በኋላ አርሰናል የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ነበረው፤ ያውም ፓሪስ ላይ። የፓሪሱ ልጅ በከተማው በተደረገው ፍጻሜ አልተጫወተም። በባርሴሎና 2 ለ 1 ተሸነፍን። እሱ ቢኖር እናሸንፍ ነበር የሚል ካለ ይበል፤ እኔ ግን እዚያ ድረስ አልሄድም።

ወደ ሜዳ የተመለሰው በጃንዋሪ 2007 ነው። ስምንት ወር መሆኑ ነው። የብዙ ሰው ስሌት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ተመለሰ፣ ዳነ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የራሱ ችግር ነው» ይላሉ። የሚቀጥለውን ጥያቄ እዩ።

ከፒያሳ፦ ቁርጭምጭሚቱ ከዳነ በኋላ ባቱ፣ ታፋው፣ ብሽሽቱ፣ መጨረሻ ላይ ጉልበቱ። መስታወት ካልሆነ ምንድነው ታዲያ?

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክሩልኝ።

ጫማችሁን አውልቁና ግድግዳ ፊት ቁሙ። የአንድ እግራችሁን አውራ ጣት ከግድግዳው 10 ሳንቲሜትር ያህል አርቁ። አሁን ተረከዛችሁ ከመሬት ሳይነሳ ጉልበታችሁን ግድግዳ አስነኩ። ብዙ ጤነኛ ሰው ይደርሳል። ከዚያ በሌላው እግር ድገሙት። ከዚህ በፊት ቁርጭምጭሚቱ ክፉኛ የዞረበት ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል። አንዱ ጉልበት ይነካል፤ ሌላው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሲቀረው ቀጥ ይላል፣ ወይ ተረከዙ ይነሳል።

ያቺ ሁለት ሦስት ሳንቲ ስትራመዱ ምንም አይደለችም። ታክሲ ስትሳፈሩም አታስቸግርም። አማካይ ግን በአንድ ጨዋታ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሮጣል፤ በየደቂቃው ይቆማል፣ ይዞራል፣ እንደገና ይነሳል። ቁርጭምጭሚት ማጠፍ ያቃተውን ሥራ ሌላ አካል ይሠራለታል። ባት ከአቅሙ በላይ ይወጠራል። ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል። ሰውየው ሳያውቀው ክብደቱን ወደ ጤነኛው እግር ያዞራል፤ ያኛው ደግሞ በተራው ይደክማል።

ሌላም አለ። አንድ ጡንቻ ተጎድቶ ስድስት ሳምንት በተቀመጠ ቁጥር ሰውነት በሙሉ ይሰንፋል። በሕክምናው ዓለም ስለ ጡንቻ ጉዳት ከሚታወቁት እርግጠኛ ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ ነገ ማን ይጎዳል ስትል ከሁሉ በፊት የምታየው ትናንት ማን ተጎድቶ እንደነበር ነው። ጉዳት ጉዳትን ይወልዳል።

ዲያቢን የሕክምና አልጋዬ ላይ አስተኝቼ አላየሁትም፤ ይህ ከሙያዬ ተነስቼ የማስበው ነው። ግን የያኔው የአርሰናል አሰልጣኝ ቬንገርም የሁሉ ነገር መነሻ ያ ታክል እንደሆነ በአደባባይ ደጋግሞ ተናግሯል። ከዚያ በፊት ማንም ይህን ልጅ መስታወት አላለውም።

የሆነውንም ተመልከቱ። በማርች 2012 በሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ላይ ለአርቴታ ተቀይሮ ገባ፤ ያው ጨዋታ ሳያልቅ ተጎድቶ ራሱም ተቀየረ። በሴፕቴምበር 2012 መጨረሻ ቼልሲ ላይ ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ወጣ። በማርች 2013 ልምምድ ላይ የጉልበቱ የፊት ጅማት ተበጠሰ። ኤሲኤል የምንለው ነው። ከዚያ የታየው በሜይ 2014፣ በሊጉ የመጨረሻ ቀን ከኖርዊች ጋር ነው። ያ ቀን 28ኛ ልደቱ ነበር። በቀጣዩ የውድድር ዓመት ደግሞ አንድ የሊግ ካፕ ጨዋታ፤ አለቀ።

ከሜክሲኮ፦ ራምሲም ተሰብሮ ነበር፤ እንዲያውም የሱ ይበልጥ ያስጠላ ነበር። እሱ ግን ተመልሶ ዋንጫ አበላን። አእምሮው ጠንካራ ስለሆነ አይደል?

አይደለም! ይህ «አእምሮው ጠንካራ» የሚባል ነገር ሰው ይበድላል።

ራምሲ በፌብሩዋሪ 2010 ስቶክ ላይ የተሰበረው ቅልጥሙ ነው፤ ሁለቱም የታችኛው እግር አጥንቶች። ለማየት ይዘገንናል፣ እውነት ነው። የተሰበረው ግን የአጥንቱ መሃል ነው። አጥንት ደም አለው፤ በደንብ ከተገጠመ ይጋጠማል፣ እንደ ድሮው ይጠነክራል። መገጣጠሚያ ሲወልቅ ግን ሌላ ነው። ጅማት ይቀደዳል። የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ ሽፋን ይጎዳል፤ እሱ ደም ስለማያገኝ እንደ አጥንት አያገግምም።

ራምሲ ጊዜ ፈጅቶበታል፤ በውሰት ኖቲንግሃም ፎረስትና ካርዲፍ ሄዶ ነው የተመለሰው። በሜይ 2014 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ በ109ኛው ደቂቃ ሃል ላይ ያገባት ጎል ዘጠኝ ዓመት የዋንጫ ረሃብ አስታገሰች። ስላሳካው ደስ ይለኛል። ዲያቢ ያላሳካው ግን ሰንፎ አይደለም።

ከሜክሲኮ በድጋሚ፦ የዲያቢ ምርጥ ጨዋታ?

ሴፕቴምበር 2 ቀን 2012፣ ሊቨርፑል 0 አርሰናል 2። ፖዶልስኪና ካዞርላ አገቡ፤ የመሃል ሜዳው ባለቤት ግን ዲያቢ ነበር። ጄራርድ ያለበትን አማካይ ብቻውን ሲበትነው ነበር። እኔ ያየሁት ዶሮ ማነቂያ ካለች ጠባብ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ዛሬ ፒያሳ ስትሄዱ ሰፈሩም ፈርሷል፤ ቤቷ የት ጋ እንደነበረች ለማሳየት እንኳ ያስቸግራል።

ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ያ ሁሉ ጉዳት ከደረሰበት በኋላ ነው። ቼልሲ ላይ የወጣው ደግሞ በዚያው ወር መጨረሻ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ነው፤ አቅሙ ስላልነበረው አይደለም የጠፋው።

ጥሩውን ብቻ እንዳልናገር፦ በፌብሩዋሪ 2011 ኒውካስል ላይ 4 ለ 0 እየመራን ጆይ ባርተንን አንቆ በቀይ የወጣውም እሱ ነው። 4 ለ 4 አለቀ። የባርተን ታክል እግሩ ላይ እንደነበር ስታስቡ ግን ለምን እንደገነፈለ ይገባችኋል።

ከለገሃር፦ እኔ የማንዩ ደጋፊ ነኝ፣ አታባርሩኝ። ሃርግሬቭስስ?

እንኳን ደህና መጣህ፤ ሂሳቡን አንተ ክፈል። ሃርግሬቭስ በ2007 ከባየርን መጣ፤ በ2008 የሞስኮው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ፔናልቲውን አስቆጠረ። ከዚያ ሁለቱም ጉልበቶቹ ጅማታቸው አስቸገረው። በኖቬምበር 2010 ዎልቭስ ላይ ተመልሶ በአምስት ደቂቃ ወጣ። የእሱ ከዲያቢ ይለያል፤ ቀስ በቀስ ያለቀ ጅማት ነው። በ2011 ወደ ሲቲ ሄዶ መጀመሪያ ጨዋታው ላይ ጎል ማግባቱን ላስታውስህ? ይቅር።

ከስድስት ኪሎ፦ ዊልሸርን ያበላሸው ማን ነው? ቬንገር አብዝቶ ስላጫወተው ነው ይባላል።

በከፊል እስማማለሁ። በ2010/11 ለአርሰናል ብቻ 49 ጨዋታ ተጫወተ፤ 19 ዓመቱ እኮ ነው። ኢኒዬስታና ዣቪ ያሉበትን ባርሴሎና 2 ለ 1 ያሸነፍንበት ምሽትም በዚያ ዓመት ነው። በቀጣዩ ክረምት ቁርጭምጭሚቱ ላይ የድካም ስንጥቅ ተገኘ። በአንድ ምት የሚመጣ ስብራት አይደለም፤ አጥንቱ በተደጋጋሚ ጫና የሚሰነጠቀው ዓይነት ነው። የ2011/12ን ውድድር ዓመት በሙሉ አልተጫወተም፤ የተመለሰው በኦክቶበር 2012 ነው።

ግን ሁሉንም በቬንገር ላይ መለጠፍ አይሆንም። ዊልሸር ኳስ አይለቅም ነበር፤ ተጋጣሚ እስኪደርስበት ይጠብቃል። ያ ነው ያስወደደን፤ ያ ነው ያስመታው። በ30 ዓመቱ አቆመና አሰልጣኝ ሆነ።

ከጨርቆስ፦ የካዞርላ ታሪክ እውነት ነው ወይስ ወሬ?

እውነት ነው። በኦክቶበር 2016 ከሉዶጎሬትስ ጋር ተጎዳ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቁስሉ አመረቀዘ፤ ባክቴሪያው 8 ሳንቲሜትር ያህል የተረከዝ ጅማቱን በላው። ቁስሉን ለመሸፈን ከክንዱ ቆዳ ተወሰደ፤ የልጁ ስም የተነቀሰበት ቦታ ነበር። የንቅሳቱ ግማሽ አሁን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው። ሐኪሞች ከልጅህ ጋር ግቢ ውስጥ መራመድ ከቻልክ ተመስገን በል ብለውት ነበር። በ2018 ለቪያሪያል ተጫወተ፤ በ2019 ለስፔን። በ2025፣ በ40 ዓመቱ፣ የልጅነት ክለቡን ኦቪዬዶን ወደ ላሊጋ ሲመልስ አብሮ ነበር።

ከዚያው ሰፈር፦ ተጫዋች ታሞ ሲቀመጥ ደመወዝ ይበላል?

ኮንትራት አለው፤ ይከፈለዋል። አንተስ መሥሪያ ቤትህ ውስጥ ሥራ ላይ ብትሰበር?

ከልደታ፣ አንዲት እናት፦ ልጄ ጃን ሜዳ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። አብጧል። ወጌሻ ጋ ልውሰደው ወይስ ሐኪም ቤት?

እናቴ፣ ከጥያቄዎቹ ሁሉ የእርስዎን ነው ያከበርኩት።

መጀመሪያ ይቁምና አራት እርምጃ ይራመድ። እያነከሰም ቢሆን ይቆጠራል። ካልቻለ ራጅ ያስፈልገዋል። ከቻለ ደግሞ በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ የወጡትን ሁለት አጥንቶች ከኋላ ጠርዛቸውና ከጫፋቸው በጣትዎ ጫን ይበሉ። አጥንቱ ላይ ካመመው፣ አሁንም ራጅ። ካበጠው ሥጋ ላይ ብቻ ከሆነ ምናልባት የጅማት መወጠር ነው።

ወጌሻን አልሰድብም፤ አያቴንም ወጌሻ ነው ያቆማቸው። ግን መጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያበጠ እግር አይታሽ፤ በሙቅ ውኃም አይነከር። እብጠቱን ያብሰዋል፤ ስንጥቅ ካለም ሊከፍተው ይችላል። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ለሩብ ሰዓት ያህል በቀን ብዙ ጊዜ ያድርጉለት። እግሩን ትራስ ላይ ከፍ አድርጎ ይተኛ።

ሕመሙ ሲቀንስ ቶሎ ሜዳ አይልቀቁት። በተጎዳው እግር ብቻ ቆሞ ሚዛኑን ይጠብቅ፤ ከዚያ በዚያው እግር እንጣጥ ይበል፤ ከዚያ ከላይ ያልኩትን የግድግዳ ሙከራ ይሥራ። ሁለቱ እግሮቹ እኩል ሲደርሱ ኳሱን ይስጡት። ሳምንት አልፎ እብጠቱ ካልወረደ ይዘውት ይምጡ፤ የምሠራበትን በውስጥ እልክልዎታለሁ።