ከነርሲንግ ትምህርት ለተሰናበታችሁ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

እንደምን ሰነበታችሁ። ደብረ ማርቆስ የምኖር ነርስ ነኝ። ሁለተኛ ዓመት ላይ በውጤት ምክንያት ተሰናብቼ፣ አንድ ዓመት ቤት ተቀምጬ፣ ተመልሼ የተመረቅኩ ነኝ። የጻፋችሁልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ሲስተር፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነጥቤ 1.82 ሆኖ ተሰናበትኩ። ለቤተሰቤ እንኳ አልተናገርኩም። ነርስነት አከተመልኝ ማለት ነው?

አላከተመም እህቴ። መጀመሪያ የተሰጠሽን ደብዳቤ አውጥተሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። እኔ የኔን አጥፌ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ሁለት ሳምንት ይዤው ዞሬያለሁ። መሰናበቴን ሰምቼ ስለነበር የቀረውን ለማንበብ ዐይኔ እምቢ አለኝ። ኋላ ስገልጠው፣ ከማኅተሙ በላይ፣ ዳግም ቅበላ መጠየቅ እንደምችል የሚናገር አንድ መስመር ነበረበት።

በውጤት መሰናበት ሁለት መልክ አለው። አንዱ ቆይቶ መመለስ የሚፈቅድ፣ ሌላው ከዚያ ትምህርት ቤት ጨርሶ የሚያወጣ ነው። ያንቺ የትኛው እንደሆነ ጓደኛሽ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ሬጅስትራር፣ የተማሪ መዝገብ የሚይዘው ቢሮ፣ ሄደሽ ጠይቂ። ዳግም ቅበላ የሚፈቀድልሽ ከሆነ ማመልከቻ የሚገባበትን ቀን ጻፊ፤ ቀኑ ካለፈ ሌላ ወራት መጠበቅ ይመጣል። የትኞቹን ኮርሶች ደግመሽ ብትወስጂ ለመመረቅ ወደሚያስፈልገው 2.00 እንደምትደርሺ ከዲፓርትመንትሽ ጋር ቁጭ ብለሽ አስሊ። ብዙ ክሬዲት፣ ማለትም ከነጥብሽ ስሌት ውስጥ ትልቅ ክብደት፣ ያለውን ኮርስ ማሻሻል ነጥብን ከሁሉ በላይ ያነሣል። አንዳንዱ ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚሰጥ መቼ እንደሚከፈት ሳታጣሪ አትመለሺ።

ለቤተሰብሽ ደግሞ ዛሬ ማታ ንገሪያቸው። ከሌላ ሰው ከሰሙት ሁለት ጊዜ ያዝናሉ።

ከቡሬ፦ ዩኒቨርሲቲው ጨርሶ አሰናብቶኛል። ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ገብቼ በዲፕሎማ ነርስ መሆን እችላለሁ?

በዚህ መንገድ ነርስ የሆኑ አብረውኝ ይሠራሉ። ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም የመንግሥት ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። የመግቢያው መመዘኛ በየዓመቱ ስለሚወጣ የ12ኛ ክፍል ውጤትህን ይዘህ የዘንድሮውን ማስታወቂያ ተመልከት። ስትጨርስ የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሁላችን ሲኦሲ የምንለው፣ ይጠብቅሃል። ከዚያ ሠርተህ ወደ ዲግሪ ማሳደግ ይቻላል።

ሁለት ነገር አደራ። ተሰናብተህ እንደነበር አትደብቅ፤ የውጤት ማስረጃህ አንድ ቀን ይገለጣል፣ ያኔ የሚጠፋው ትምህርቱ ብቻ አይደለም። የግል ኮሌጅ ከሆነ ምርጫህ ደግሞ ዕውቅናው ለነርሲንግ፣ ለዚያው ቅርንጫፍና ለዚያው ዓመት የተሰጠ መሆኑን ክፍያ ከመፈጸምህ በፊት በዐይንህ እይ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወረቀት የሌላ ትምህርት ሊሆን ይችላል። የሚለማመዱበትን ሆስፒታልም ጠይቅ፤ ነርስነት አልጋ አጠገብ ቆመው የሚማሩት ሙያ ነው።

ከሞጣ፦ የጣለኝ የመድኃኒት ስሌት ነው። ሒሳብ አይገባኝም። ልተወው?

አትተዪው፤ ይህ የሚለመድ ነገር ነው። እኔንም የጣለኝ እሱ ነበር። አንድ ምሳሌ አብረን እንሥራ።

ሐኪሙ 1,000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ይግባ ብሎ አዘዘ። የምትጠቀሚበት የግሉኮስ መስመር 20 ጠብታው አንድ ሚሊ ሊትር ይሆናል። በደቂቃ ስንት ጠብታ ይውረድ? 1,000 በ20 ሲባዛ 20,000 ጠብታ ነው። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። 20,000ን ለ480 ስታካፍዪ 41.7 ይመጣል፤ ስለዚህ 42 ጠብታ። አሁን ሰዓትሽን ከጠብታው አጠገብ አድርገሽ ለ15 ሴኮንድ ቁጠሪ፤ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ከሆነ ልክ ነሽ።

ፈተና ላይ እኔ ሰዓቱን ወደ ደቂቃ መለወጥ ረስቼ ለ8 አካፈልኩና 2,500 ጻፍኩ። በደቂቃ 2,500 ጠብታ! እንዲህ ያለ ውሃ የሚወርደው ከቧንቧ እንጂ ከጠብታ መቁጠሪያ አይደለም። መልሱን ከጻፍኩ በኋላ በሽተኛው ክንድ ላይ ሲገባ በዐይነ ሕሊናዬ ባየው ኖሮ እሰርዘው ነበር። የምመክርሽ ይህንኑ ነው። በየቀኑ አምስት ጥያቄ ሥሪ፣ ለእያንዳንዱ መልስ "ይህ ሰው ላይ ቢደረግ ምን ይሆናል?" በዪ። ሁለት ወር ሳይሞላ እጅሽ ይፈታል።

ከቢቸና፣ አንዲት እናት፦ ልጄ ተባሮ ከመጣ ጀምሮ ከክፍሉ አይወጣም። አንድ ሰው ገንዘብ ከሰጣችሁኝ አስመልሰዋለሁ ብሎናል፤ በሬ ልንሸጥ ነው።

እትዬ፣ በሬዎን አይሽጡ። ልጅዎ የሚመለስበት መንገድ ካለ በራሱ ማመልከቻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅዎ ሰው ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፣ ልጅዎም በሐሰት ወረቀት ቢገባ ነገ ከባሰ ነገር ላይ ይወድቃል።

ከበሬው ይልቅ የሚያሳስበኝ ልጁ ነው። ይበላል? ይተኛል? ስለ ሞት ወይም መኖር ስለ መሰልቸት ካወራ ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ቀን በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ይውሰዱት። ገና እዚያ ካልደረሰ ደግሞ ቡና ሲያፈሉ ይጥሩት፣ ስለ ውጤት አያንሡበት። ከእርስዎ ቁጣ ይልቅ የእርስዎን ማዘን ነው የሚፈራው።

ከአዴት፦ መንገድ ተዘግቶ የማጠቃለያ ፈተና አመለጠኝ። ኤፍ ሞልተውብኝ ተሰናበትኩ።

ይህ ከስንፍና ጋር አይቆጠርም፤ ለብቻው አቅርበው። መንገዱ የተዘጋባቸውን ቀናት፣ ከቀበሌህ ማስረጃ ጋር፣ በጽሑፍ ለዲፓርትመንትህ ስጥ። ቅጂውን ተቀባዩ ፈርሞ ቀን ይጻፍበት። በቃል የተነገረ አቤቱታ ሰው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

ከዳንግላ፦ ስኮርጅ ተይዤ ነው።

በግልጽ ስለ ጻፍክ አከብርሃለሁ። የዲሲፕሊን ጉዳይ ከውጤት ይከብዳል። ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ አጭር ነውና ቅጣቱ የዓመት ይሁን የዘለቄታ ዛሬውኑ አጣራ። ማመልከቻህ ላይ ያደረግኸውን ሳታሳንስ ጻፍ።

ከእንጅባራ፦ ብመለስ ስንት ፈተና ይቀረኛል?

የዲግሪ ተማሪ ከሆንክ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የጤና ባለሙያ የሙያ ፈቃድ ምዘናም ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ተጀምሯል። ስለዚህ ያኔ የጣለህን ኮርስ ለማለፍ ብቻ አታንብበው፤ ሁለቴ ይመለስብሃል። የወጪ መጋራት ውልህ፣ የትምህርት ወጪህን ኋላ ልትከፍል የፈረምከው፣ በመሰናበትህ እንዳልተሰረዘም ዕወቅ፣ ያለብህን ከሬጅስትራር ጠይቅ።

ከደጀን፦ ሲስተር፣ ያን አንድ ዓመት ምን ሠራሽ?

ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ። ደመወዙ ለቤት ኪራይ አይበቃም ነበር። አንድ ቀን ከገጠር የመጡ አባት ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በክር አስረው አቀበሉኝ። ስፈታው የሦስት ዓመት የደም ግፊት ልካቸው አንድም ሳይጎድል ነበረበት። ማንበብ አይችሉም። "ነርሷ አትጣለው ስላለችኝ ነው" አሉ። ማታ ቤት ገብቼ የስሌት ደብተሬን ከሳጥን አወጣሁ።