ለሰመር የመዝናኛ ፓርክ ሥራ ለጠየቅሽው እህት፦ ነፃ ትኬቱ እውነት ነው፣ ችግሩ ሌላ ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በዲቪ ከመጣሽ ገና ወራት ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነሽ። ለሰመር መዝናኛ ፓርክ ብገባ ያዋጣል ወይ፣ ለሠራተኛ ቤተሰብ ነፃ ነው የሚሉት እውነት ነው ወይ፣ የ15 ዓመቱ ልጄስ አብሮኝ መሥራት ይችላል ወይ ብለሻል። ከሥር "ግቢ ባክሽ፣ ፈታ ትያለሽ" ብለው የጻፉልሽ ሰዎች አንዳቸውም የሠሩበት አይመስለኝም። እኔ ሠርቼበታለሁ። እኔም በዲቪ ነው የመጣሁት። ባለቤቴ ማታ ማታ ኡበር ይነዳል፣ ቀን ልጆቹን እሱ ይይዛል፣ እኔ ሺፍቴን እሄዳለሁ። የአንቺም ቤት እንደዚያ ይመስለኛል። የሠራሁበት ፓርክ ሌላ ስቴት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ለምን እንደማልጠራው እያነበብሽ ስትሄጂ ይገባሻል።

1. መጀመሪያ ርቀቱን አስቢ። ብዙ ሰው እዚያው ሜሪላንድ ቦዊ ያለውን ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ የሚባለውን ፓርክ ይልሻል። እሱ ተዘግቷል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2025 የመጨረሻ ቀኑ ነበር። ኩባንያው በ2024 ሲዳር ፌር ከሚባል ሌላ የመዝናኛ ፓርክ ኩባንያ ጋር ተዋሃደ፣ በዓመቱ ይሄኛውን ዘግቶ መሬቱን ለሽያጭ አቀረበው። ስለዚህ የቀሩልሽ ትልልቆቹ ቨርጂኒያ ዶስዌል ያለው ኪንግስ ዶሚኒየን፣ እዚያው ቨርጂኒያ ዊሊያምስበርግ ያለው ቡሽ ጋርደንስ እና ፔንሲልቬኒያ ያለው ሐርሺፓርክ ናቸው። ቅርብ የሚባለው ዶስዌል ራሱ መንገዱ ክፍት ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በሰመር አርብ ከሰዓት 95 የሚባለው ሀይዌይ ላይ ወጥተሽ የምታውቂ ከሆነ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግሽም። የቤንዚንና የጎማ ወጪሽን ሳታሰሊ "በሰዓት ይሄን ያህል ይከፍላሉ" ብለሽ እንዳትነሺ።

2. ኦቨርታይም የሚባል ነገር እርሺው። ይሄን ማንም አይነግርሽም። የፌደራሉ የሥራ ሕግ በዓመት ከ7 ወር በላይ ለማይሠራ፣ ወይም ዋናውን ገቢውን በግማሽ ዓመቱ ለሚሰበስብ የመዝናኛ ቦታ ኦቨርታይም የመክፈል ግዴታ አልጣለበትም። እንዲህ ያለ ፓርክ ውስጥ በሳምንት 55 ሰዓት ብትሠሪ 55ቱም በተራ ሂሳብ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ከስቴቱ ዝቅተኛ ክፍያ 85 በመቶውን ብቻ እንዲከፍሉ ይፈቀድላቸዋል። የስቴቱ 15 ዶላር ነው፣ 85 በመቶው 12 ከ75 ሳንቲም ይመጣል። የሜሪላንድ ባሕር ዳርቻ ኦሽን ሲቲ ካሉት ትንንሽ ፓርኮች ጋ ካመለከትሽ ቁጥሩን ኦፈሩ (የቅጥር ደብዳቤው) ላይ አይተሽ ፈርሚ።

ዝናቡን አትርሺ። መብረቅ ሲመጣ ራይዶቹ (ሰው የሚሳፈርባቸው መጫወቻዎች) ይቆማሉ፣ ጎብኚው ወደ መኪናው ይሮጣል፣ ሱፐርቫይዘሩም እየዞረ "ወደ ቤት መሄድ የሚፈልግ?" ይላል። መጀመሪያ ጥያቄ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ትእዛዝ ይሆናል። ዲሲ ውስጥ ቢሆን ሥራ የገባ ሰው ቢያንስ የ4 ሰዓት ይከፈለዋል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ሕግ የላቸውም። ሁለት ሰዓት ሠርተሽ ሁለት ሰዓት ነድተሽ የምትመለሺበት ቀን ይኖራል ማለት ነው።

3. ወረቀት። እዚህ ላይ ቁጭ ብለሽ አንብቢኝ፤ እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ኢንተርቪውውን አለፍኩ፣ ራይድ ላይ መደቡኝ፣ ደስ ብሎኝ ወረቀት ልጨርስ ሄድኩ። ኤችአር፣ ማለትም የቅጥር ቢሮው፣ ከፓርኩ ጀርባ ያለች ተጎታች ቤት ናት። ሰልፉ በሙሉ የሃይስኩል ልጅ ነው፣ ትልቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ግሪን ካርዴ ገና በፖስታ አልደረሰም ነበር። ፓስፖርቴን ቪዛው ያለበት ገጽ ላይ ከፍቼ ሰጠኋት። ሴትዮዋ አየችው፣ ገለበጠችው፣ "ይሄ ቪዛ ነው፣ በቪዛ አይሠራም" አለችኝ። የመጣሁት በኢሚግራንት ቪዛ እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ቃል በቃል እየለያየች፣ "ግሪን። ካርድ። አምጪ።" አለች። መስማት የተሳነኝ መሰልኳት መሰለኝ። ከዚያ ፓስፖርቴን በአንድ ጣቷ ጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጋ መለሰችልኝና "ቀጣይ!" አለች። ያ ጣት ዛሬም አይረሳኝም። አገር ቤት በሥራዬ የተከበርኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ተብዬ አላውቅም።

ቤት መጥቼ ፓስፖርቴን እንደገና አየሁት። የአንቺንም አውጪና እዪ። ቪዛው ላይ፣ ከታች ካሉት የኮምፒውተር መስመሮች ከፍ ብሎ፣ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አለ። ማህተም ሲያርፍበት ለ1 ዓመት እንደ ጊዜያዊ አይ-551 ያገለግላል ይላል። አይ-551 ማለት ያው ግሪን ካርዱ ነው። ኤርፖርት ስትገቢ የመቱብሽ ማህተም እሱን ሥራ ላይ አዋለው። ማንም ቀጣሪ የሚሞላው አይ-9 የሚባል ፎርም አለ። ከፎርሙ ጋር ያለው የሰነዶች ዝርዝር ላይ፣ "ኤ" በሚለው ክፍል ውስጥ ይሄው ፓስፖርት በግልጽ ተጽፏል። ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛውን እንደምታቀርቢ የምትመርጪው ደግሞ አንቺ ነሽ። እነሱ "ግሪን ካርድ ካልሆነ አንቀበልም" ማለት አይችሉም፤ ሕጉ ይከለክላቸዋል።

ገጹን ፕሪንት አድርጌ፣ መስመሩን በቢጫ ቀለም አስምሬ ተመለስኩ። እሷን አልፌ ኃላፊዋን ጠየቅኩ። ሰውየው አነበበ፣ የሆነ ቦታ ደወለ፣ "ዛሬ አዲስ ነገር ተማርኩ" አለኝ። እሷ ቀና ብላም አላየችኝም። የዚያን ቀን ያወራሁትን እንግሊዝኛ እኔ ራሴ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ግን ምን ዋጋ አለው፣ የራይድ ሥልጠናው አልፎ ነበር። የተረፈው ቦታ ፓርኪንግ ነበር። ሐምሌ ፀሐይ፣ ጥቁር አስፋልት፣ ብርቱካናማ ሰደርያ። በዚያች ሴትዮ ምክንያት የሳምንታት ደመወዝ ቀረብኝ፣ ከዚያም አስፋልት ላይ ተጠበስኩ።

አንቺ ገጹን ከመጀመሪያው ቀን ይዘሽ ሂጂ። ከተከራከሩሽ በአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ሥር የስደተኞችና የሠራተኞች መብት ክፍል አለ። ነፃ የስልክ መስመር አለው፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድሽ ካልደረሰም አትደንግጪ፣ ቁጥሩ እስኪመጣ ሥራ መጀመር ይቻላል። ግሪን ካርዱ እንዲላክልሽ ግን የ235 ዶላሩን ክፍያ በኢንተርኔት መክፈልሽን አረጋግጪ። ሳይከፍሉ የሚጠብቁ ሰዎች አይቻለሁ።

ቁጥሩ ስንት ላይ እንደደረሰ ጠፋኝ፣ እንተወውና ወደ ትኬቱ ልምጣ።

ነፃ ነው የሚሉት እውነት ነው። አንቺ በመታወቂያሽ በዕረፍት ቀንሽ ትገቢያለሽ። ለቤተሰብ የሚሰጠው ትኬት ከፓርክ ፓርክ ይለያያል። አንዳንዱ ሲዝን ሲጀመር የተወሰነ ትኬት ይሰጥሻል፣ አንዳንዱ በሠራሽው ሰዓት ልክ እያጠራቀምሽ ነው። ብዙዎቹ ምግብና ዕቃ ላይ ቅናሽ አላቸው። ብዙ ፓርክ ያለው ኩባንያ ከሆነ እህት ፓርኮቹም ጋ ያስገቡሻል። ፓርኩ ከተዘጋ በኋላ ሠራተኛው ብቻ ራይድ የሚወጣበት ማታ የሚያዘጋጁም አሉ። ባለቤቴ ከዚያ ማታ በኋላ "እዚህ ሥራ ላይ ቆዪ" ያለኝ ሰው ነው። ግን ትኬቱ የማይሠራባቸው ቀናት አሉ። ጁላይ 4ና የጥቅምት ቅዳሜዎች፣ ማለትም እንግዳ የሚመጣብሽ ቀን ሁሉ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። ዝርዝሩን ሳታዪ ለማንም ቃል አትግቢ። እኔ ፓርክ መሥራቴ ሲሰማ ሰላምታ የማይሰጠኝ የዕድር ሰው ሳይቀር ደውሎልኛል። እና በምንም ተአምር ትኬቱን እንዳትሸጪ። ፌስቡክ ላይ ለጥፎ በማግስቱ የተባረረ ልጅ አውቃለሁ።

ኦርላንዶ ያላችሁ ደግሞ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ፣ የእናንተ ነገር ሌላ ነው። ዲዝኒ ከ2018 ጀምሮ በሰዓት ለሚከፈላቸው ሠራተኞቹ፣ ፓርታይሙንም ጨምሮ፣ የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን ፕሮግራም አለው። ከትኬት ይልቅ እሱ ነው ጥቅም። እዚያ ማመልከቻው ላይ "ሲዝናል" እና "ፓርታይም" የሚሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ አይታችሁ ምረጡ።

እህቴ፣ የሥራ ቦታ ምርጫ ከሰጡሽ ራይድ በይ። ጥላ አለው፣ በየተወሰነ ሰዓት ቦታ ትቀያየሪያለሽ። ሥራው ቀላል ነው፣ ግን ቀልድ አይፈልግም። መያዣውን ብረት ወደ ታች ትገፊያለሽ፣ ወደ ላይ ትስቢያለሽ፣ የእያንዳንዱን ሰው፣ በእያንዳንዱ ዙር። ከዚያ አውራ ጣት ታሳያለሽ። ቁመት መለኪያው ጋ ስትቆሚ ነው ጉዱ። መለኪያው 48 ኢንች ካለ 48 ያልሞላ ልጅ አይወጣም፣ አለቀ። ጫማ ውስጥ ሶፍት የጠቀጠቁ ልጆች አይቻለሁ። አንዴ አንድ የኛው ሰው ልጁን ይዞ መጣ። በአማርኛ ሳወራ ሲሰማ ፊቱ በራ፣ "እህቴ፣ እንዴ፣ ሁለት ጣት እኮ ናት! የአገርሽን ልጅ ታስለቅሺያለሽ?" አለኝ። ልጁን ካላሳለፍኩ ክፉ እኔ ነኝ፣ ካሳለፍኩ ሥራዬም ልጁም አደጋ ላይ ናቸው። አላሳለፍኩም። ሰውየው እስከ ዛሬ ቤተክርስቲያን ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል።

ምግቡ ለጾመኛ አይሆንም። ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፣ ፓርኩ በሚጨናነቅበት ሰዓት። በቅናሽ የሚሸጡልሽ በርገርና ዶሮ ነው። ድንች ጥብስ በልቼ እውላለሁ ብለሽ ከሆነ ዘይቱን ጠይቂ፣ እኔ ጋ ዶሮውም እዚያው ነበር የሚጠበሰው። ሽሮ በቴርሞስ ያዢ። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ካለብሽ ደግሞ ሲቀጥሩሽ ነው የምትነግሪያቸው። መሥራት የምትችዪበትን ሰዓት ፎርሙ ላይ ካላስቀመጥሽ በኋላ አይሰሙሽም።

አንድ ጉልበት አለሽ፣ እሱን ተጠቀሚበት። ኦገስት መጨረሻ ላይ ያ ሁሉ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳል። ፓርኩ ግን እስከ ኦክቶበር ቅዳሜና እሁድ ክፍት ነው፣ የሃሎዊን ማታዎቹ ደግሞ ሰው ያጎርፋሉ። ያኔ ትልቅ ሰው ይለመናል። እኔ ራይድ ላይ መሪ የሆንኩት ያኔ ነው። "እቆያለሁ፣ ግን ወደ ፓርኪንግ አልመለስም፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የምገባው" አልኩ፣ ሁለቱንም እሺ አሉ። ያቺ የኤችአር ሴትዮ ናት ወረቀቱን ያዘጋጀችው፣ ስሜን አስተካክላ ጠራችኝ። እስከ ሲዝኑ መጨረሻ ለሚቆይ ሰው ቦነስ የሚሰጡ ፓርኮችም አሉ። የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ ኦፈሩ ላይ በጽሑፍ አለ። ከዚያ ቀን ቀድመሽ ከወጣሽ ቦነሱ ይቀራል፣ ምክንያትሽን የሚያዳምጥ የለም።

ስለ ልጅሽ፦ ከ14 ወይም ከ15 ጀምሮ የሚቀጥሩ ፓርኮች አሉ። በ15 ዓመቱ ራይድ ማንቀሳቀስ አይፈቀድለትም፣ ምግብ ወይም ጨዋታ ቦታ ነው የሚያስገቡት። ትምህርት ባለበት ቀን 3፣ ትምህርት ባለበት ሳምንት 18 ሰዓት ነው ልኩ። ትምህርት ሲዘጋ በቀን 8፣ በሳምንት 40 ይሆናል፣ ማታ በአሜሪካ አቆጣጠር ከ9 ሰዓት ማለፍ አይችልም። ያንቺ ሺፍት እስከ መዝጊያ ከሆነ እሱ 9 ሰዓት ላይ ወጥቶ የት እንደሚጠብቅሽ ከአሁኑ አስቢበት። ቨርጂኒያ ከሆነ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። በኢንተርኔት ነው የሚሞላው፣ እሱም አንቺም ቀጣሪውም ድርሻ አላችሁ። ቀጣሪው የራሱን ክፍል እስኪሞላ ደግሞ ቀን ይፈጃል፣ ስለዚህ ሲቀበሉት በዚያው ቀን ጀምሩት።