ካሬ ከመቁጠርሽ በፊት አክሲሱን አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሁለት ነጥብ ተሰጥቶሽ የመስመሩን እኩልዮሽ ስትጽፊ ከመጽሐፉ መልስ ጋር አልገጥም ይልሻል፤ ከግራፍ ላይ ስትነሺ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ቁጥር ይወጣል፤ ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ይህን ሕመም አውቀዋለሁ። ትምህርት ካቋረጥሁ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ለማታ ትምህርት የመግቢያ ፈተና ስቀመጥ የጣለኝ ይኸው ቀጥተኛ መስመር ነው። ሌላው አልጀብራ አይደለም፤ ሎጋሪዝሙን እንኳን ሠርቼ ነበር። ስለዚህ ስሎፕ (የመስመሩ የማዘንበል መጠን) ምን ማለት እንደሆነ፣ ዋይ = ኤምኤክስ + ቢ በሚለው ውስጥ ኤም (ስሎፑ) የትኛው፣ ቢ (መስመሩ ቁሙን አክሲስ የሚቆርጥበት) የትኛው እንደሆነ እዚህ በዝርዝር አላስረዳም፤ እሱን ከመጽሐፍሽ ታገኚዋለሽ።

1. ነጌቲቭ ቁጥር በቅንፍ ይግባ። የለጠፍሻቸው ነጥቦች (−2፣ 7) እና (4፣ −5) ናቸው፤ ያገኘሽው ስሎፕ −6 ነው። ከየት እንደመጣ ወረቀትሽን ሳላይ እነግርሻለሁ። ላዕሉን (የዋይ ልዩነቱን) −5 − 7 = −12 ብለሽ በትክክል ሠርተሻል። ታህቱ (የኤክስ ልዩነቱ) ላይ ስትደርሺ ግን 4 − (−2) መሆን የነበረበት 4 − 2 ሆነብሽ። ቅንፉ ቢኖር 6 ይወጣ ነበር፤ −12 ለ6 ሲካፈል −2 ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ነጥብ ስትተኪ 7 = −2 × (−2) + ቢ፣ ስለዚህ ቢ 3 ነው። እኩልዮሹ ዋይ = −2ኤክስ + 3።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው መልሱን ፈትሻለሁ እያለ ሳይፈትሽ የሚያልፈው እዚህ ነው። በ−6 ስትሄጂ የደረስሽበት ዋይ = −6ኤክስ − 5 ነው አይደል? −2ን አስገቢበት፤ 7 ይሰጥሻል። ልክ ይመስላል። ነገር ግን ቢን ያገኘሽው በዚያው ነጥብ ስለሆነ ሌላ ሊሰጥሽ አይችልም፤ ተከሳሹን ራሱን ምስክር አድርጎ እንደመጥራት ነው። መጠየቅ ያለበት ሌላኛው ነጥብ ነው። 4ን ስታስገቢ −29 ይወጣል፤ መሆን የነበረበት −5። አሥር ሴኮንድ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሁልጊዜ ባልተጠቀምሽበት ነጥብ ፈትሺ።

በነጌቲቭ መሳሳትሽ ደግሞ አያሳፍርሽ። ሬኔ ዴካርት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1637 መስመርን በእኩልዮሽ የመግለጽን ሐሳብ ሲያሳትም፣ ዛሬ እንደምንሥለው ነጌቲቭ ጎን ያላቸውን ሁለት አክሲሶች (አግድምና ቁም የቁጥር መስመሮች) አልሣለም። እኛ ግን በመጀመሪያው ሳምንት አራቱንም ማዕዘን እንድንዞር እንገደዳለን።

2. ከየትኛውም ነጥብ መጀመር ትችያለሽ፤ ላዕሉን ከአንዱ፣ ታህቱን ከሌላው መጀመር ግን አይቻልም። እንዲህ ካደረግሽ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ምልክቱ ይገለበጣል፤ የሚወርደው መስመር ይወጣል።

3. ከግራፍ ስትነሺ ካሬ አትቁጠሪ። ያንቺም ችግር ይኸው እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ፤ ግራፉን ባትለጥፊውም።

በፈተናዬ ላይ የውኃ ታንከር ሲሞላ የሚያሳይ ግራፍ ነበረ። አግድሙ ደቂቃ፣ ቁሙ ሊትር። መስመሩ ቁሙን አክሲስ ሁለተኛው ካሬ ላይ ይቆርጣል፤ አራት ካሬ ወደ ቀኝ ሲሄድ ስምንተኛው ካሬ ላይ ይደርሳል። እኔ ምን አደረግሁ? በእርሳሴ ጫፍ ቆጠርሁ። ስድስት ወደ ላይ፣ አራት ወደ ቀኝ፤ ስሎፑ 3/2፣ ቢ ደግሞ 2። ዋይ = 1.5ኤክስ + 2 ብዬ ጻፍሁና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት። እንዴት እንደኮራሁ አልነግርሽም።

ቁሙ አክሲስ ላይ አንድ ካሬ 5 ሊትር ነበር። አግድሙ ላይ አንድ ካሬ 1 ደቂቃ። ማለትም ታንከሩ የጀመረው በ10 ሊትር ነው፤ በ4ኛው ደቂቃ 40 ሊትር ደርሷል። ጭማሪው 30 ሊትር በ4 ደቂቃ፣ ስሎፑ 7.5 ሊትር በደቂቃ፤ እኩልዮሹ ዋይ = 7.5ኤክስ + 10። ቁጥሮቹ ከአክሲሱ ጎን በደቃቅ ጽሑፍ ተጽፈው ነበር። አላነበብኋቸውም። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁበት የግራፍ ወረቀት ሁሉ አንድ ካሬ አንድ ነበር፤ ሌላ ዓይነት መኖሩን ያስተማረኝ አልነበረም።

ጉዳቱ በዚያ ቢያበቃ ምን ነበር። ሦስት ጥያቄዎች በዚሁ መስመር ላይ ተንጠልጥለዋል። በ12ኛው ደቂቃ ስንት ሊትር ይኖራል? መልሱ 100፤ እኔ 20 አልሁ። እስቲ አስቢው! ግራፉ በ4ኛው ደቂቃ 40 ሊትር እያሳየኝ፣ እየሞላ ያለ ታንከር በ12ኛው ደቂቃ 20 ሊትር ይዟል ብዬ ጽፌ አለፍሁ። 85 ሊትር የሚሆነው መቼ ነው? 10 ደቂቃ ነው፤ የእኔ 55 ከ1/3። በመጨረሻም በ(2፣ 0) የሚያልፍ ትይዩ መስመር ጻፍ ይላል፤ ስሎፑ አንድ ዓይነት ስለሆነ ዋይ = 7.5ኤክስ − 15፤ የእኔ 1.5ኤክስ − 3። መንገዱ ሁሉ ልክ፣ መነሻው ስሕተት። አራት ጥያቄ ዜሮ። የወደቅሁት በሁለት ማርክ ልዩነት ነው።

ከዚያ የሬጅስትራሩ መስኮት መጣ። ወረቀቴን ለማየት ብቻ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጻፍሁ። አንደኛው ጠፋ ተባልሁ፤ ሁለተኛው ቀን አልተጻፈበትም ተባለ፤ ተጽፎ ነበር። በሦስተኛው የመስኮቱ ሠራተኛ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «የወደቅኸው አንተ ብቻ አይደለህም» ብሎ መስኮቱን ዘጋው። በዕድሜ ከሚያንሱኝ ተማሪዎች ፊት። በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን አንድ መምህር አዝኖልኝ ወረቀቱን ለአምስት ደቂቃ አሳየኝ፤ የግራፉን ጎን በጣቱ ነካ አድርጎ ዝም አለ። አንድ ቃል አልተናገረም። ያን ጊዜ ነው 5፣ 10፣ 15 የሚሉትን ቁጥሮች ያየኋቸው። መስኮቱ ላይ ስለጮኽሁት ጩኸት ሁሉ ላብ አጠመቀኝ፤ የመስኮቱን ሰውዬ ግን አሁንም ይቅር አላልሁትም።

አራተኛ ብዬ ስለ ትይዩና ስለ ቀጤ ነክ (በ90 ዲግሪ የሚቋረጡ) መስመሮች ልጽፍ ነበር፤ ቀላል ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው፦ የቀጤ ነኮቹ ስሎፖች ሲባዙ −1 ይሰጣሉ፣ ስለዚህ የ−2 ጓደኛ 1/2 ነው። ሁለቱ ነጥቦች አንድ ዓይነት ኤክስ ካላቸው ደግሞ ታህቱ ዜሮ ይሆናል፤ ስሎፕ የለውም፤ ኤክስ = 3 እንደሚለው ያለ ቁም መስመር ነው። ቀመር ለማስገባት አትታገዪ።

ይልቁንስ ሁለተኛ ጊዜ ስፈተን ያደረግሁትን ልንገርሽ። አንድ ሙሉ መንፈቅ ማጠናከሪያ ተምሬ ተመለስሁ። ግራፍ ሳይ ከመቁጠሬ በፊት በሁለቱም አክሲስ ጎን «አንድ ካሬ ስንት ነው?» ብዬ በእርሳስ እጽፋለሁ። ቀጥሎ መስመሩ በትክክል የካሬ ጥግ ላይ የሚያልፍባቸውን፣ ተራርቀው ያሉ ሁለት ነጥቦች መርጬ ኮኦርዲኔታቸውን (የኤክስና የዋይ ቁጥራቸውን) እጽፋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግራፉን አላየውም፣ በነጥቦቹ ብቻ እሠራለሁ። ስሎፑን ከነመለኪያው እጽፈዋለሁ፤ ሊትር በደቂቃ፣ ኪሎ ሜትር በሰዓት። መለኪያውን ለመጻፍ ስትዪ አክሲሱን ሳታነቢ ማለፍ አትችዪም። በዚያ ፈተና ቁሙ ላይ አንድ ካሬ 20 ነበር። ከመስመር ጥያቄዎች አንድ አልሳትሁም፤ ዛሬ የሥራ ባልደረቦቼ የልጆቻቸውን ደብተር ይዘው የሚመጡት ወደ እኔ ነው።

ስትሥዪም ያው ነው። ዋይ = −2ኤክስ + 3ን ከ(0፣ 3) ጀምሪ፤ አንድ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ወደ ታች፤ (1፣ 1)፣ (2፣ −1)። ሁለት ነጥብ ይበቃል ይሉሻል፤ አንቺ ሦስት አድርጊ፤ ማስመሪያው ሦስቱን ካልነካ አንዱ ተሳስቷል።

ያንን ከግራፍ የምትነሺበትን ጥያቄ ፎቶ አንስተሽ ለጥፊልኝ። የአክሲሶቹ ቁጥሮች አብረው ይታዩ፤ ካሬዎቹ ብቻ ከታዩ አልመልስልሽም።