ዳይ ከመግዛታችሁ በፊት፦ የድሬ ልጆች ጥያቄና የእኔ መልስ

ጋራዥና ብየዳ ቤት ያላችሁ ልጆች የብሎን ጥርስ ስለሚያወጣው ዳይ ብዙ ጠይቃችሁኛል። የቶርኖ ሰው ነኝና የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ታይዋን ገበያ አርባ ፍሬ ያለው ሙሉ ሳጥን በርካሽ አየሁ። ልግዛ?

ተው አቦ! ከዚያ ሳጥን የምትነካው አራት አምስቱን ነው። ርካሹ ብዙ ጊዜ ካርቦን ብረት ነው፤ የተጎዳ ጥርስ ለማጽዳት አይከፋም። እስቴንለስ ላይ አዲስ ጥርስ ልታወጣ ከሆነ ግን ኤችኤስኤስ (HSS፣ ጠንካራው የመቁረጫ ብረት) የሚል ያለበትን ፈልግ። ባለ 6፣ 8፣ 10ና 12 ሚሊውን ከነታፓቸው (ታፕ የቀዳዳን የውስጥ ጥርስ የሚያወጣው ነው) ከያዝክ አብዛኛው ሥራህ ይሸፈናል።

ጥያቄ፦ የቶዮታ ብሎን ነው፣ ውፍረቱ 10። የ10 ዳይ ገዝቼ ባስገባው ጥርሱን በላው።

ዳዩን አትውቀስ። ሱቅ ሄደህ «የ10 ስጠኝ» ስትል የሚሰጡህ ባለ 1.5 ነው። የጃፓን መኪና ላይ ደግሞ ባለ 1.25 ሞልቷል። ቁጥሩ ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ዳይ ስትገዛ ሁለቱንም ቁጥር ካልተናገርክ ገንዘብህን በላህ።

የጥርስ ርቀት መለኪያው ከሌለህ ካሊፐር ይበቃል። ብሎኑን በብሩሽ አጽዳው። ከአንዱ ጫፍ ተነስተህ አስር ክፍተት ቁጠር። 15 ሚሊ ከመጣ 1.5 ነው፤ 12.5 ከመጣ 1.25። አንዷን ብቻ ለክቼ አውቃለሁ የሚል ሰው አይሸውድህ፣ በዓይን አይለይም።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነኝ። የአባቴ አሮጌ ላንድሮቨር ላይ አንዱም አይገጥም።

የእንግሊዝ መኪና ነዋ፣ ጥርሱ በኢንች ነው። እዚያው ሐረር ያሉት ፔጆ 404ዎች ግን በሚሊ ናቸው።

ጥያቄ፦ ክብ የተሰነጠቀው ይሻላል ወይስ ባለ ስድስት ማዕዘኑ?

አዲስ ጥርስ ለማውጣት የተሰነጠቀው። በትንሿ ብሎን ጠበቅ ላላ ታደርገዋለህ፤ መጀመሪያ አላልተህ አውጣ፣ ዳዶ ሞክርበት፣ ከዚያ አጥብቀህ ድገም። ባለ ስድስት ማዕዘኑ የተጎዳ ጥርስ ማስተካከያ ነው። መኪና ሥር ተኝተህ በቁልፍ ታዞረዋለህ፣ ለዚያ ወደር የለውም።

ጥያቄ፦ ባወጣሁ ቁጥር ጥርሱ ይቦጫጨቃል። ምን ይሻላል?

ዘንግህ ወፍራም ሳይሆን አይቀርም። ለ10 በ1.5 ልክ 10 ሚሊ ዘንግ አታስገባ፣ 9.85 ገደማ አድርሰው። ጫፉን በግራይንደር ሾል አድርገው፣ ዳዩም ቀጥ ብሎ ይነሳልሃል። ዘይት አትሰስት። ግማሽ ዙር በሄድክ ቁጥር ትንሽ ወደኋላ መልሰው፣ ቁርጥራጩ ይሰበርና ይወጣል። በታፕ ውስጡን የምታወጣ ከሆነ ቀዳዳው ውፍረቱ ሲቀነስ ርቀቱ ነው፤ 10 ሲቀነስ 1.5፣ ማለትም 8.5።

ስትጨርስ ደግሞ ዳዩን ጠርገህ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለው። ዘይት የነካውን ጠረጴዛ ላይ ጥለኸው ከሄድክ የድሬ አቧራ ይለጠፍበታል፣ በማግስቱ ያ አሸዋ ስለቱን ይጨርሰዋል።